ታኮ

ደረቅ ሦስት ይላል፣ ደረት ኪሴ ውስጥ ያለው መንጃ ፈቃድ፤
ፎቶው ላይ ያለው ሰው ደፋር ነው፣ አይመስልም የሚርድ።
እኔ ግን ጠባሴ፣ ማለዳ፣ ውርጩ መስታወት ላይ ሲጋገር፣
ከጎማው ትከሻ በታች ቆሜያለሁ፣ አንድ ቃል ሳልናገር።

ስድስት ዓመት ረዳት ነበርኩ፤ መኪናውን አውቀዋለሁ ከነሆዱ፣
ግሪሱን በጥፍሬ፣ ሸራውን በጥርሴ፣ ሲሞቅም ሲበርድም ከነልማዱ።
የማላውቀው አንድ ቦታ ነው፦ ከመሪው ኋላ ያለው ወንበር፣
ጋሽ ማንያዘዋል ሃያ ዓመት ተቀምጦ ያጎደጎደው፣ እንደ መቃብር።

«ነገ ቁልፉ ያንተ ነው» አለኝ ባለ መኪናው፣ አቶ ደምረው፣
«አራት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ፣ ኮምቦልቻ ነው የምታራግፈው።»
ሌሊቱን ሙሉ ሲሚንቶው ደረቴ ላይ ተራገፈ፤
ዓይኔን ስከድን ጣርማ በር፣ ዋሻው አፉን ሲከፍት ጉም ጎረፈ።
ከዚያ ወዲያ እስከ ደብረ ሲና፣ መንገዱ እንደ ተጣለ ገመድ፣
ሲታጠፍ፣ ሲወርድ፣ ሲታጠፍ፤ ፍሬኑ ሲሸት፣ ሲነድ።

ጠዋት «ትንሽ ይቆየኝ» አልኩት። አየኝ።
«በትንሽ መኪና ልጀምር፣» ስል ምላሴ ራሱ ተንሸራተተብኝ።
«ዝሆን ላይ ተቀምጦ አህያ የሚለምን!» አለ ጎሚስታው፣ ሳቀ ግቢው ሁሉ፤
እስከ ቀትር ስሜ «ባጃጅ» ሆነ፣ ልጆች ሳይቀሩ ባጃጅ አሉ።

ባጃጁንም ነዳሁት፣ አልዋሽም። ሦስት ቀን በበሬሳ ድልድይ ተመላለስኩ፣
እግሬ የሌለ ፍሪሲዮን ሲረግጥ በራሴ ሳቅሁ፣ ዝም አልኩ።
«ቀስ በል ልጄ» አሉኝ አንዲት ተሳፋሪ፤ ከዚያ በላይ ቀስ ቢኖር
ባጃጁን ትተን፣ ተያይዘን፣ በእግራችን በሄድን ነበር።

ኋላ የእህቴ ባል ምንተስኖት አሮጌ አይሱዙውን ሰጠኝ፣ በሩ በሽቦ የሚታሰር፣
ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ላመላልስ፣ ዳገቱን ልለምድ ከሥር ከሥር።
«በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይል ነበር ጋሽ ማንያዘዋል፤ ሃያ ጊዜ ደገምኩ፣
በሁለተኛ ወረድኩ፤ ፍሬኑን ትቼ ሞተሩን አመንኩ።

ትንሽ መኪና ፍርሃት አይቀንስም፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፤
ገደል እንደ ጎማህ ቁጥር ጥልቀቱን አያሳጥርም።
ብቻ ፍርሃቴን በልኩ ከፋፈልኩት፣ ኩንታል ኩንታል አደረግሁት፣
ከሽንኩርቱ ጎን ደርድሬ፣ ሸራ አልብሼ አሰርኩት።

ነሐሴ አጋማሽ ነው። ሽቅብ ስመለስ፣ ጉሙ መብራቴን ሲውጠው፣
ከዋሻው በታች አንድ ተሳቢ ቆሟል፤ ጭሱ ብቻ ነው የሚታየው።
ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ አንድ ስንዝር፣ ደግሞ አንድ ስንዝር፤
ረዳቱ ድንጋይ ፍለጋ ሮጧል፣ ሾፌሩ መሪው ላይ ደርቋል፣ እንደ ተመታ ምስማር።

ወረድኩ። እግሬ ያውቀዋል። ወንበሬ ሥር ያለውን ድንጋይ አወጣሁ፣
ሮጥኩ፣ ከኋላ ጎማው ሥር አስገባሁ።
ያ ሁሉ ብረት ጎርበጥ ብሎ ድንጋዬ ላይ አረፈ፤
ፍሬኑ ይሁን ልጁ፣ አላውቅም፣ አንድ ትንፋሽ በጉሙ መሃል አለፈ።

መስታወቱን ዝቅ አደረገ። ጢም የለውም። «ሁለተኛ ጉዞዬ ነው» አለኝ፤
«እንዲህ ባለችው ጀምሬ ቢሆን…» አይሱዙዬን በአገጩ አሳየኝ።
ልስቅ ነበር፤ የአቶ ደምረው ግቢ ሳቅ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ
ተመልሶ ወረደ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ሸቶ።
«ስምህ ማነው?» «ዘርይሁን።» «ዘርይሁን፣ ሞተሩን አታንቀው፤
አንደኛ አስገባ፤ እጄን ሳነሳ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ ልቀቀው።»

ሄደ። እየጮኸ፣ እየጨሰ፣ ዋሻው ውስጥ ቀይ መብራቱ ጠፋ፤
ድንጋዩ ቀረ መሃል አስፋልት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያጠፋ።
አነሳሁት። ጎማ ጎማ ይሸታል። ወንበሬ ሥር መለስኩት።
ዋሻውን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ተከተልኩት።

አቶ ደምረው ትናንት ደወለ። «ቁልፉ አለ» ሲለኝ ምላሴ አልተንሸራተተብኝም፤
«ከመስቀል በኋላ» አልኩት።
የትኛው መስቀል ብሎ አልጠየቀኝም።